ከፍርድ ቤት ትዕዛዝ በኋላ፡- ወንጀል የፈጸሙ የስኪዞፍሬኒያ ሕሙማን የመድኃኒት ሕክምና

ስኪዞፍሬኒያ የሰውን አስተሳሰብና ስሜት እንዲሁም ከገሃዱ ዓለም ጋር ያለውን ግንኙነት የሚያዛባ ከባድ የአእምሮ ሕመም ነው። ሕመምተኛው ሌሎች የማይሰሙትን ድምፅ ሊሰማ፣ ቤተሰቡ ወይም ጎረቤቱ ሊያጠፋው እንደሚያሴርበትም በጽኑ ሊያምን ይችላል። አብዛኞቹ ሕሙማን በማንም ላይ ጉዳት አያደርሱም፤ ይልቁንም ራሳቸው ለጥቃት የተጋለጡ ናቸው። ይሁን እንጂ ሕክምና ሳያገኙ ከቆዩት መካከል ጥቂቶች በሕመሙ ግፊት ከባድ ወንጀል ፈጽመው ፍርድ ቤት የሚቀርቡበት ጊዜ አለ። ሕግና የአእምሮ ሕክምና የሚገናኙበት ይህ የሙያ ዘርፍ ፎረንሲክ ሳይካትሪ ይባላል።

በኢትዮጵያ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 48፣ በሕመም ምክንያት የድርጊቱን ምንነት ወይም ውጤት ለመረዳት ያልቻለ፣ ወይም በዚሁ መረዳት መሠረት ራሱን መቆጣጠር የተሳነው ሰው በወንጀል ተጠያቂ እንደማይሆን ይደነግጋል። ጥርጣሬ ሲኖር ፍርድ ቤቱ በአንቀጽ 51 መሠረት የባለሙያ ማስረጃ እንዲቀርብለት ያዝዛል። ባለሙያው የጤናውን ሁኔታ ያስረዳል፤ ሕጋዊው ድምዳሜ ግን የፍርድ ቤቱ ነው። ተከሳሹ ኃላፊ አይደለም ከተባለም ከአንቀጽ 129 እስከ 131 በተመለከተው አግባብ በተቋም እንዲቆይ ወይም እንዲታከም ሊታዘዝ ይችላል።

ትዕዛዙ ግን በራሱ ሕመሙን አያድንም። የሕክምናው መሠረት ቅዠትንና የተሳሳተ እምነትን የሚቀንሱት ፀረ ሳይኮሲስ መድኃኒቶች ናቸው። ከእነዚህም መካከል ክሎርፕሮማዚንና ሃሎፔሪዶል የቀድሞዎቹ፣ ሪስፔሪዶንና ኦላንዛፒን ደግሞ ከእነርሱ በኋላ የመጡት ናቸው።

በዚህ ዘርፍ ትልቁ ፈተና የመድኃኒት መቋረጥ ነው። ብዙ ሕሙማን መታመማቸውን ስለማይቀበሉ ክኒን መዋጥ ያቆማሉ። ለዚህ ከሚረዱት አማራጮች አንዱ እንደ ፍሉፌናዚን ዴካኖኤት ያለ፣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ አንድ ጊዜ በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ታካሚው በቀጠሮው ቀን ካልቀረበ መቅረቱ ወዲያውኑ ይታወቃል። ሁለት መድኃኒቶች በበቂ መጠንና ጊዜ ተሞክረው ለውጥ ካልታየ ክሎዛፒን ይታሰባል። ክሎዛፒን አልፎ አልፎ ነጭ የደም ሴሎችን በአደገኛ ሁኔታ ስለሚያመናምን የደም ምርመራ ያስፈልገዋል።

የጡንቻ መገተር፣ መንቀጥቀጥና የክብደት መጨመር መድኃኒቶቹ ከሚያስከትሏቸው ችግሮች መካከል ናቸው። በመሆኑም መጠኑን መወሰን የሐኪም እንጂ የጥበቃ አባል ሥራ አይደለም። መድኃኒት ሕክምና እንጂ ቅጣት ስላልሆነ፣ ለተግሣጽ ወይም ለማስተኛት ብቻ መስጠት ከሙያው ሥነ ምግባር ውጭ ነው።

የሕክምናው ጠቀሜታ ከታካሚው አልፎ ለኅብረተሰቡም ይደርሳል። በስዊድን እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2009 የነበረውን መረጃ መርምሮ በ2014 የወጣ ጥናት፣ ሕሙማን ፀረ ሳይኮሲስ መድኃኒት በሚወስዱበት ወቅት የሚፈጽሙት የኃይል ወንጀል፣ እነዚያው ሰዎች ካልወሰዱበት ወቅት ጋር ሲነጻጸር በ45 በመቶ ያነሰ መሆኑን አመልክቷል።

ሕክምናው በቀላሉ የሚቋረጠው ታካሚው ከአንድ ተቋም ወደ ሌላው ሲሸጋገር ነው። ከፖሊስ ጣቢያ ወደ ማረሚያ ቤት፣ ከማረሚያ ቤት ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታልም ወደ ቤተሰቡ ሲሄድ የሕክምና ማስረጃው አብሮት ካልሄደ፣ በወራት ድካም የተገኘው ለውጥ በአጭር ጊዜ ሊጠፋ ይችላል። ጫትና የአልኮል መጠጥም ሕመሙን ሊያባብሱት ይችላሉ።

ስለዚህ የመድኃኒቱ ስምና መጠን እንዲሁም የሚቀጥለው መርፌ ቀን በጽሑፍ ሊተላለፍ፣ ታካሚው ከመለቀቁ በፊት የሚከታተለው የጤና ተቋም ሊታወቅ፣ ቤተሰቡም የማገርሸት ምልክቶችን ሊያውቅ ይገባል። እንቅልፍ ማጣት፣ ከሰው መራቅና ጥርጣሬ ማብዛት ከምልክቶቹ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ፍርድ ቤት፣ ማረሚያ ቤትና ጤና ተቋም በየፊናቸው ሳይሆን ተቀናጅተው ሲሠሩ፣ የሕመምተኛው መብትም የሕዝቡ ደኅንነትም ይጠበቃል።