በእርድ የተሳለ አደይ አበባ

በልጅነታችን ወንዶቹ ለእንቁጣጣሽ አበባ ስለን ለጎረቤት እናድል ነበር፤ ሳንቲሙም አይቀርብንም። ዌስተርቪል ውስጥ መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ቀን ስለሆነ እኛ የምንስለው በዋዜማው ማታ፣ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ነው።

1 የሻይ ማንኪያ እርድ በ2 ማንኪያ ሙቅ ውሃ በጥብጡ። ለግንዱ የቡና አተላ ይሆናል። ብሩሽ ከሌለ የጆሮ ጥጥ ይበቃል። (እርድ ከልብስ አይለቅምና አሮጌ ቲሸርት አልብሷቸው።) ሲደርቅ በውሃ የተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ ጠብ አድርጉበት፤ እርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን ሶዳ ሲነካው ቢጫው ወደ ቀይ ይለወጣል። ሎሚ መልሶ ቢጫ ያደርገዋል።

ልጄ አማርኛ ይሰማል እንጂ አይመልስም። «እንኳን አደረሳችሁ»ን ግን እየሳለ ለመዳት። የጎረቤታችን በር ላይ ሁለቴ አላት፤ አሜሪካዊቷ ሴትዮ ባይገባቸውም ስዕሉን ማቀዝቀዣቸው ላይ ለጠፉት።