የባይፖላር ሕመም መድኃኒቶች፦ የሚታየው ጉዳትና የማይታየው ጥቅም



 የዛሬው ርእሴ ባይፖላር የተባለው የአእምሮ ሕመም የሚታከምባቸውን መድኃኒቶች ጥቅምና ጉዳት የሚመለከት ነው። «መድኃኒቱን ልውሰድ ወይስ ይቅርብኝ?» የሚለውን ጥያቄ ከሕሙማንም፣ ከቤተሰቦቻቸውም፣ ከተማሪዎቼም ደጋግሜ እሰማለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን በዚህ መልክ ሲቀርብ ሚዛኑ ገና ከመነሻው ያጋድላል። ለምን እንደሚያጋድልና እንዴት ሊቃና እንደሚችል ለማሳየት እሞክራለሁ።

በቅድሚያ ስለ ሕመሙ ጥቂት ልበል። ማኒያ በሚባለው ወቅት ታማሚው ለቀናት እንቅልፍ ሳይሻ ይቆያል፤ ሐሳቡ ይሽቀዳደማል፤ ንግግሩ አይገታም፤ ገንዘቡን ይበትናል፤ ከዐቅሙ በላይ የሆነውን ሁሉ ይጀምራል። በድብርቱ ወቅት ደግሞ ከአልጋ መነሣት ያቅተዋል፤ ሞትንም እስከ መመኘት ይደርሳል። በሁለቱ መካከል በደኅና የሚኖርባቸው ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት አሉ። መድኃኒቱን የመተው ሐሳብ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በእነዚህ ደኅና ወራት መሆኑን ልብ በሉልኝ፤ ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ።

ሕመሙ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በቡታጅራና አካባቢዋ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት በሆነ ከ68,000 በላይ ነዋሪዎች ላይ የተካሄደው ጥናት ከ200 ሰዎች አንዱ ገደማ በሕይወት ዘመኑ ይህ ሕመም እንደሚያጋጥመው አመልክቷል። ከእነዚህ መካከል አብዛኞቹ ለሕመማቸው ወደ ጤና ተቋም ሄደው የማያውቁ ነበሩ። ስለዚህ ስለ መድኃኒት ጉዳት ስንነጋገር፣ ያለመድኃኒት መኖር በአገራችን የብዙኃኑ ዕጣ መሆኑን፣ የራሱም ዋጋ እንዳለው መዘንጋት የለብንም።

ጥቅምና ጉዳት በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ሲገናኙ ለማየት የሊቲየምን ታሪክ እንመልከት። አውስትራሊያዊው ሐኪም ጆን ኬድ እ.ኤ.አ. በ1948 በማኒያ ምክንያት ለዓመታት በሆስፒታል ለኖረ አንድ ታማሚ ይህን ጨው ሰጠ። ሰውየው ከጥቂት ወራት በኋላ ተሽሎት ወጣ፤ ወደ ሥራውም ተመለሰ። መድኃኒቱን ሲያቋርጥ ግን ሕመሙ አገረሸበትና ዳግመኛ ሆስፒታል ገባ። ሊቲየም እንደገና ተሰጠው፤ በ1950ም በዚያው በሊቲየም ተመርዞ ሞተ። ያሻለውም የገደለውም አንድ ንጥረ ነገር ነው። በወቅቱ የጎደለው መለኪያ ነበር። በ1951 በሜልበርን የሚገኙ ተመራማሪዎች በደም ውስጥ ያለውን የሊቲየም መጠን እየለኩ ሕክምናውን መስጠት እንደሚቻል አሳዩ። በዴንማርክ ሞገንስ ሹ ከባልደረቦቹ ጋር ያካሄዳቸው ጥናቶች ደግሞ መድኃኒቱ ማኒያን ከማብረድ አልፎ ሕመሙ እንዳያገረሽ እንደሚከላከል ማስረጃ አቀረቡ። አሜሪካ ሊቲየምን ለማኒያ ሕክምና የፈቀደችው በ1970 ነው።

ዛሬ ሕመሙ እንዳይመለስ ለመከላከል በደም ውስጥ የሚፈለገው የሊቲየም መጠን ብዙውን ጊዜ ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊሞል በሊትር ነው፤ ከ1.5 ሲያልፍ የመመረዝ ምልክቶች ሊታዩ ይችላሉ። በሚያድነውና በሚመርዘው መካከል ያለው ርቀት ይህን ያህል ጠባብ ነው።

አሁን ሚዛኑ ለምን ያጋድላል ወዳልሁት ልምጣ። የመድኃኒቱ ጉዳት በየቀኑ ይታያል። ሊቲየም የሚወስድ ሰው የቡና ስኒ ሲያነሣ እጁ ይንቀጠቀጥበታል፤ ይጠማዋል፤ ሌሊት ለሽንት ደጋግሞ ይነሣል፤ ሐሳቡ እንደ ዘገመ ይሰማዋል። ዓመታት ሲቆጠሩ ኩላሊቱና የታይሮይድ ዕጢው ሊጎዱ ይችላሉ። ጥቅሙ ግን የአንድ ነገር አለመኖር ነው፤ ያልመጣ ማኒያ፣ ያልተበተነ ጥሪት፣ ያልፈረሰ ትዳር፣ ራስን በማጥፋት ያልተቋረጠ ሕይወት። በዚህ በመጨረሻው ጉዳይ ላይ የቅርብ ዓመታት ጥናቶች ሁሉ በአንድ ድምፅ ባይናገሩም፣ ሊቲየም ራስን የማጥፋት አደጋን እንደሚቀንስ የሚያመለክተው ማስረጃ ቀላል አይደለም። ይሁንና ያልመጣ ሕመም ቀን የለውም፤ ማንም አይቆጥረውም። በደኅና ወራት ላይ ያለ ሰው በአንድ እጁ የሚንቀጠቀጠውን ጣቱን፣ በሌላው ደግሞ ባዶ የሚመስል ነገር ይዞ ይመዝናል። «ደኅና ነኝ፤ ለምን እወስዳለሁ?» ቢል አይፈረድበትም። ደኅና የሆነው በመድኃኒቱ ሊሆን እንደሚችል ግን ሊነገረው ይገባል።

ይህን ስል ጉዳቱ ይናቅ ማለቴ አይደለም። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ምሁር ኬይ ሬድፊልድ ጄሚሰን፣ ራሷ የዚህ ሕመም ታማሚ፣ በ1995 ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ ሊቲየም ማንበብ እስኪሳናት ድረስ ለዓመታት እንዳዳከማት፣ ደግሞም መድኃኒቱን ስታቋርጥ ሕይወቷን ልታጣ እንደ ነበር ጽፋለች። መጠኑ ሲቀነስላት የንባብ ችሎታዋ ተመለሰ። ከ«መውሰድ» እና ከ«መተው» ሌላ መንገድም አለ ማለት ነው፤ መጠንን ማስተካከል፣ መድኃኒትን መለወጥ።

መለወጥ ስንል ግን እያንዳንዱ መድኃኒት የራሱ ዋጋ አለው። ቫልፕሮኤት በማኒያ ላይ ጠንካራ ነው፤ በእርግዝና ወቅት ሲወሰድ ግን ከ10 ሕፃናት አንዱ ገደማ ከአካል ጉድለት ጋር ይወለዳል፤ ከ10 ከ3 እስከ 4 የሚሆኑት ደግሞ የአእምሮ ዕድገት ችግር ሊገጥማቸው ይችላል። ለወጣት ሴት ይህን ሳይነግሩ ማዘዝ ከባድ በደል ነው። ላሞትሪጂን በተለይ ድብርቱን ይከላከላል፤ መጠኑ በጥድፊያ ከተጨመረ ግን ለሕይወት የሚያሰጋ የቆዳ ቁስለት ሊያመጣ ይችላል። ኦላንዛፒን ማኒያን በፍጥነት ያበርዳል፤ ክብደትንና የደም ስኳርን ግን ይጨምራል። የድብርት መድኃኒት ለብቻው ሲሰጥ ታማሚውን ወደ ማኒያ ሊገፋው ይችላል። ስለዚህ «የባይፖላር መድኃኒት ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» የሚል ጥያቄ መልስ የለውም። የትኛው መድኃኒት፣ ለማን፣ በየትኛው የሕይወት ዘመን፣ በማን ክትትል? መልስ ያለው ይህ ነው።

«በማን ክትትል» የሚለው በእኛ አገር እጅግ ይከብዳል። የሊቲየም መጠን መድኃኒቱ ሲጀመርና ሲቀየር በየሳምንቱ፣ ሲረጋ ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት በየ3 ወሩ ሊለካ፣ ኩላሊትና ታይሮይድም በየ6 ወሩ ሊመረመሩ ይገባል። ይህ ምርመራ በየጤና ጣቢያው አይገኝም። ስለዚህ የአንድ መድኃኒት ጉዳት በኬሚስትሪው ብቻ አይወሰንም፤ ታማሚው ከላቦራቶሪ ምን ያህል እንደሚርቅም ይወስነዋል። መለኪያ በሌለበት ሊቲየም መስጠት ወደ 1950 መመለስ ነው።

ክትትሉ የአኗኗራችንንም ወግ ማወቅ ይኖርበታል። ውኃ ሳይቀምስ የሚጾም ሰው፣ ጠበል ጠጥቶ ብዙ የሚያስመልሰው፣ ተቅማጥ የያዘው፣ ለራስ ምታት ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከፋርማሲ ገዝቶ የሚወስድ፣ በደሙ ውስጥ ያለው ሊቲየም ሳያስበው ሊጨምር ይችላል። ለእንዲህ ያለው ታማሚ «ጠበሉን ተው» ማለት በአብዛኛው መድኃኒቱን ማስተው ነው። ጾሙን ከንስሐ አባቱ፣ ከሼሁ ወይም ከፓስተሩ ጋር እንዲመክርበት ማገዝ፣ ሁለቱን ሕክምናዎች ጎን ለጎን እንዲያስኬድ መርዳት ይሻላል። መድኃኒቱን ማቆም የግድ ሲሆንም በአንድ ሌሊት አይሁን። ሊቲየም በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ቶሎ የማገርሸት ዕድሉ ከፍ ይላል፤ ቢያንስ በ4 ሳምንት፣ ቢቻል እስከ 3 ወር ድረስ ቀስ በቀስ ሊቀነስ ይገባል።

ነገ ሐኪምና ፋርማሲስት ለምትሆኑ ተማሪዎች አንድ ተግባር ላሳስባችሁ። ታማሚው በደኅና ወራቱ ላይ ሳለ፣ ከሚያምነው ዘመዱ ጋር አስቀምጣችሁ፣ ያለፉትን ሕመሞች በወረቀት አስጽፉ፤ መቼ ታመመ፣ ስንት ወር ቆየ፣ ምን አጣ። ከጎኑ መድኃኒቱ የሚያሳጣውን ሁሉ አስጽፉ፤ መንቀጥቀጡን፣ ውፍረቱን፣ የሐሳቡን መዘግየት። ከሁሉ ይልቅ ማጣት የሚፈራውንም ጠይቁት፤ ሠዓሊው እጁን፣ ተማሪው ትዝታውን፣ እናት ልጇን ትላለች፤ ምርጫውም በዚያው ልክ ይለያያል። ያን ጊዜ የማይታየው ጥቅም መልክ ያገኛል፤ የሚታየውም ጉዳት ተሰሚነት ያገኛል። ሚዛኑን የሚይዘው ታማሚው ነው፤ የእኛ ድርሻ በሁለቱም ሰፌዶች ላይ መኖር የሚገባው ሁሉ መኖሩን ማረጋገጥ ነው።