ወተት ጠጣበት ይሉሃል

ጋራዥ ውስጥ ቀለም የሚረጭ፣ ጫማ ፋብሪካ ውስጥ ማስቲሽ የሚቀባ ሁሉ የሰማት ምክር ናት፦ «ወተት ጠጣበት፤ ያጥበዋል።» ወተቱን በየቀኑ የሚያድሉ ድርጅቶችም አሉ። ወተት ጥሩ ምግብ ነው፤ መድኃኒትነቱ ግን ተረት ነው። የቲነር እንፋሎት በትንፋሽ ሳንባ ገብቶ በደም ይሰራጫል፤ ጨጓራ ያለው ወተት የት አግኝቶ ያጥበዋል? በእኔ እይታ ከወተቱ ይልቅ የሚያሳዝነው የማጣሪያ ጭንብልና የአየር ማስወጫ ምትክ ሆኖ መቅረቡ ነው።

የሥራ ቦታ ኬሚካል ጉበት ይጎዳል ሲባል «እኔ አልኮል አልጠጣም፣ ጉበቴ ምን ይሆናል?» የሚለውም ብዙ ሰው አዘናግቷል። መጠጥና የጉበት ቫይረስ ዋነኞቹ የጉበት ጠላቶች መሆናቸው አይካድም፤ ብቸኞቹ ግን አይደሉም። አሜሪካ፣ ኬንታኪ ግዛት፣ ሉዊቪል ከተማ የነበረው የቢ.ኤፍ. ጉድሪች ፋብሪካ ቪኒል ክሎራይድ ከተባለ ጋዝ የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ ያመርት ነበር። የፋብሪካው ሐኪም ጆን ክሪች እጅግ ብርቅ የሆነ የጉበት ደም ሥር ካንሰር በዚያው ግቢ ሠራተኞች ላይ ሲደጋገም አስተዋለ፤ ነገሩ እ.ኤ.አ. በ1974 ይፋ ወጣ። እስከዚያ ድረስ በአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል 500 ተፈቅዶ የነበረው ጋዝ ወደ 1 እንዲወርድ ተደረገ።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ጥናት ለዚሁ ጋዝ በብዛት ከተጋለጡ 25 ሠራተኞች የ20ዎቹ ጉበት ስብ ቋጥሮና ተቆጥቶ ተገኘ። ችግሩን ያሳየው ከጉበታቸው የተወሰደው ናሙና ነው፤ የተለመደው የደም ምርመራ በአብዛኞቹ ላይ ደህና ነበር። ስለዚህ «ተመርምሬ ነፃ ነኝ» ማለት ሁልጊዜ አያስተማምንም።

«ሽታው ካልከበደ አይጎዳም» ባዮችም አሉ። ቪኒል ክሎራይድ ለአፍንጫ የሚታወቀው በአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል 3,000 ገደማ ሲደርስ ነው፤ ከተፈቀደው 3 ሺህ እጥፍ መሆኑ ነው። ደግሞስ አፍንጫ ይለምዳል፤ ጉበት አይለምድም። አፍ ላይ የሚታሰር ጨርቅም አቧራ ይቀንስ እንደሆነ እንጂ እንፋሎት አያግድም።

ቆዳችንም በር ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ጥይት ፋብሪካዎች ውስጥ ቲ.ኤን.ቲ. የነኩ ሴቶች ፊታቸው ቢጫ ሆነ፤ መርዙ በእጃቸውም ይገባ ነበር። ጉበታቸው ተጎድቶ ወደ 100 የሚጠጉ ሠራተኞች ሞተዋል። በሥራ ማብቂያ እጅን በቲነር መታጠብ እዚህ አገር እንደ ቀላል ነገር መታየቱ የሚገርመኝ ለዚህ ነው።

ዓይን ቢጫ ሲሆን «ወፍ መትቶኛል» ብሎ ሥር ፍለጋ መሄድ ደግሞ ችግሩን ያባብሳል፤ አንዳንዱ ሥር ራሱ ጉበት ይጎዳል። የደከመ ጉበት ላይ አረቄ መጨመርም እንዲሁ።

አሠሪ መከላከያ ማቅረብና አደጋውን ለሠራተኛው ማሳወቅ እንዳለበት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደንግጓል፤ ጠይቁ። ሐኪም ቤት ስትሄዱም፣ ባትጠየቁ እንኳን፣ ምን እንደምትሠሩና በምን እንደምትሠሩ ተናገሩ፤ ከቻላችሁ የጣሳውን ጽሑፍ በስልካችሁ አንስታችሁ ያዙ።