የሚንጣጣ ስፒከር ስንት ያወጣል?
ያገለገለ ኤሌክትሮስታቲክ ከመግዛትዎ በፊት ጆሮዎን ይጠቀሙ

ያገለገሉ ዕቃዎች በሚሸጡበት ገበያ «ትንሽ ይንጣጣል እንጂ ደህና ነው» የሚል ሻጭ አይጠፋም። ዕቃው ኤሌክትሮስታቲክ ስፒከር ከሆነ ግን ያቺ «ትንሽ» በጥቂት ወጪ የምትወገድ፣ አለዚያም የተገዛበትን ዋጋ ያህል ጥገና የምትጠይቅ ልትሆን ትችላለች። ልዩነቱ የሚታወቀው ከድምፁ ዓይነት ነው።

እነዚህ ስፒከሮች በእንግሊዝም ሆነ በአሜሪካ ዛሬም ፈላጊ አላቸው። ከሁሉም ስሙ የገነነው፣ ፒተር ዎከር በእንግሊዟ ሀንቲንግደን ከተማ ያመረተው ኳድ ነው። እ.ኤ.አ በ1957 ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ሞዴል እስከ 1985 ተመርቷል። ተተኪው ኢኤስኤል-63 በ1981 ወጣ። እንግዲህ ከመጀመሪያው ሞዴል መጨረሻ ላይ የተመረተው እንኳ ዕድሜው 40 ዓመት ገደማ ሆኗል ማለት ነው።

ተራ ስፒከር የሚሠራው በማግኔትና በሽቦ ጥቅል ነው። በኤሌክትሮስታቲክ ውስጥ ግን ከፀጉር የቀጠነ የፕላስቲክ ሽፋን በሁለት ባለቀዳዳ ሳህኖች መካከል ተወጥሮ በከፍተኛ ቮልቴጅ ይሞላል። በመጀመሪያው ኳድ ላይ ይህ ቮልቴጅ ለወፍራሙ ድምፅ 6,000፣ ለቀጭኑ 1,500 ቮልት ይደርሳል። ስፒከሩ ግድግዳ ላይ የሚሰካውም ለዚህ ነው። ችግሩ፣ ይኸው ቮልቴጅ አቧራ ይስባል፤ እርጥበት ሲያገኝም ያፈስሳል።

ድምፁ ምን ይላል?

ሙዚቃ ሳይኖር አልፎ አልፎ የሚንጣጣ ከሆነ አቧራ ወይም እርጥበት ይጠረጠራል። ደረቅ ክፍል ውስጥ ተሰክቶ ጥቂት ሰዓት ሲቆይ ከቀነሰ እርጥበት ነው። ካልቀነሰ አቧራ ሊሆን ወይም ፓነሉ ራሱ አርጅቶ ሊሆን ይችላል።

ሙዚቃው ከፍ ሲል ብቻ «ጧ» የሚል ከሆነ ኤሌክትሪኩ ከሳህን ወደ ሳህን እየዘለለ ነው። የመጀመሪያው ኳድ የተሠራው 15 ዋት ለሚሰጥ አምፕሊፋየር ስለነበር ከዚያ እጅግ የበረታ አምፕሊፋየር የቀጭን ድምፅ ፓነሉን ይበሳዋል። ውዱ ብልሽት ይህ ነው። ኢኤስኤል-63 መከላከያ ሰርኪዩት አለው።

ሳያቋርጥ «እስስ» የሚል ከሆነ ከፍተኛውን ቮልቴጅ የሚያመነጨው ክፍል እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ወፍራም ድምፅ ሲመጣ የሚርገበገብ ነገር ከተሰማ ደግሞ የአቧራ መከላከያው ስስ ላስቲክ ላልቷል ወይም ተቀዷል፤ ይህ ከሌሎቹ ቀላሉ ነው።

ሻጩ ቤት የሚደረጉ ሦስት ፈተናዎች

አንደኛ፦ አምፕሊፋየሩን አጥፍተው ከሱ የሚመጣውን ገመድ ከስፒከሩ ይንቀሉ፤ የግድግዳው ሶኬት እንደተሰካ ይቆይ። ድምፁ ከቀጠለ ጥፋቱ የስፒከሩ ነው።

ሁለተኛ፦ አምፕሊፋየሩ እንደጠፋ የግራና የቀኙን ገመድ ከአምፕሊፋየሩ በኩል ያቀያይሩና እንደገና ያብሩት። ጫጫታው ወደ ሌላው ስፒከር ከተሻገረ አምፕሊፋየሩን ይመርምሩ። ባለበት ከቀረ ስፒከሩን ወይም የራሱን ገመድ ይጠርጥሩ።

ሦስተኛ፦ መብራት አጥፍተው ከፊት ለፊት ይመልከቱ። ሰማያዊ ብልጭታ ካዩ ወዲያውኑ ይንቀሉት፤ ሻጩ «ቀላል ነው» ቢልዎ አይቀበሉ።

የቮልቴጅ መምረጫውንም አይርሱ። በአሜሪካ ኤሌክትሪክ ይሠራ የነበረ ስፒከር ሳይስተካከል 220 ቮልት ላይ ቢሰካ ገንዘብዎ በደቂቃ ይጠፋል።

ጀርባውን ግን አይክፈቱ። ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ አደገኛ ቮልቴጅ ሊቀር ይችላል። ፓነሉ በግልጽ የሚታየውን እንደ አሜሪካኑ ማርቲንሎጋን ያለውን፣ ነቅለው ለብዙ ሰዓታት ካቆዩ በኋላ ለስላሳ ብሩሽ ባለው የአቧራ መጥረጊያ ማሽን ከፊት በቀስታ ማጽዳት ይቻላል። በኳድ ላይ ይህን መሞከር ግን ስስ ላስቲኩን ያስቀድዳል፤ የባለሙያ ሥራ ነው።

ዋጋ ሲከራከሩ

የላላ ላስቲክ ከዋጋው ጥቂት ያስቀንሳል እንጂ ግዢውን አያስቀርም። የተበሳ ፓነል ግን ሌላ ሒሳብ ነው። ለኳድ አዲስ ፓነል የሚሠሩ ወርክሾፖች በጀርመንና በሌሎችም አገሮች ስላሉ ዕቃው ሞቷል ማለት አይደለም። ሆኖም አንዱ ፓነል ብቻ ሲታደስ ከአሮጌው ጋር እኩል ላይሰማ ስለሚችል የሁለቱንም ወገን ወጪ ማስላት ይበጃል። የማጓጓዣውም አለ፤ ስፒከሩ ትልቅ ነው፣ መውደቅንም አይችልም።

ስለዚህ ቀብድ ከመስጠትዎ በፊት የጥገናውን ዋጋ ከወርክሾፕ ይጠይቁ፤ እሱን ከሻጩ ዋጋ ላይ ቀንሰው ይደራደሩ። ሻጩ ስፒከሩን ሰክቶ ቢያንስ አንድ ሰዓት ለማሰማት ፈቃደኛ ካልሆነ፣ የተበላሸ ነው ብለው አስበው ዋጋ ይስጡ ወይም ይተዉት። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባል የለ?