ፍርዱን ፈጽሞ ለተመለሰ ሰው ተያዡ ማን ነው?

በአገራችን ስለ ፍትሕ መሻሻል ብዙ ይነገራል። በራዲዮና በቴሌቪዥን፥ በጉባኤና በጋዜጣ የሚደረገው ክርክር ግን አብዛኛውን ጊዜ ስለ ዳኛ፥ ስለ ዐቃቤ ሕግ፥ ስለ ፖሊስና ስለ እስረኛ አያያዝ ነው። ይህ መነገሩ የተገባ ነው። ዳሩ ግን እስረኛው ከእስር ቤት ወጥቶ፥ የሰፈሩን አቧራ ረግጦ፥ የእናቱን ደጃፍ ባንኳኳ ጊዜ ስለሚሆነው ነገር የሚናገር ሰው ጥቂት ነው። በዚያ ደጃፍ ላይ የሚፈርዱት ዳኞች አይደሉም፤ እኛው ነን፤ ዘመዶች፥ ጎረቤቶች፥ የእድር አባሎች፥ ጽዋ የምንጠጣ ማኅበርተኞች።

ስለ ቤቱ ስም አስቀድመን ጥቂት እንናገር። ወህኒ የሚለው ቃል በጎንደር ዘመን የነገሥታት ልጆች ይጠበቁበት ከነበረው ከወህኒ አምባ እንደ መጣ ይነገራል። ከርቸሌ ከጣሊያንኛ የተወሰደ ነው። በአዲስ አበባ የነበረውን ትልቁን እስር ቤት ሕዝቡ «ዓለም በቃኝ» ይለው ነበር። ይህ ቃል የመነኩሴ ቃል ነው፤ ልዩነቱ መነኩሴው ወዶ ሲናገረው እስረኛው ተገዶ መናገሩ ብቻ ነው። ያ ቤት ፈርሶ በስፍራው የአፍሪካ ኅብረት ዋና ሕንጻ ተሠርቶ በ2004 ዓ. ም. ተመርቆአል። ዛሬ የምንጠራው ማረሚያ ቤት ብለን ነው። ማረም ደግሞ ፍጻሜ ያለው ሥራ ነው፤ ታርሞ ያለቀ መጽሐፍ ይነበባል እንጂ ዘመኑን ሁሉ ሲታረም አይኖርም።

በሕጉ ውስጥ ለቤተ ክርስቲያን ልጅ እንግዳ ያልሆነ አንድ ቃል አለ፤ ይኸውም አመክሮ ነው። ወደ ገዳም የገባ ሰው ቆብ ከመድፋቱ በፊት በአመክሮ ይቆያል። ውኃ ይቀዳል፥ እንጨት ይለቅማል፥ አበውም ጠባዩን ይመለከታሉ። የወንጀል ሕጉም እንዲሁ ከተፈረደበት ጊዜ ከሦስት እጅ ሁለቱን እጅ የፈጸመ፥ ዕድሜ ልክ የተፈረደበትም እንደ ሆነ 20 ዓመት የታሰረ ሰው፥ ጠባዩን ማሻሻሉን በሥራ ካሳየና የበደለውን እንደ አቅሙ ከካሰ፥ በአመክሮ እንዲፈታ ይፈቅዳል። በገዳም አመክሮውን ፈጽሞ ቆቡን የተቀበለውን ሰው፥ «አንተ እኮ ትናንት ጀማሪ ነበርህ» ብሎ የሚያሳፍረው የለም።

ከአመክሮ የሚበልጥ፥ ብዙ ሰውም የማያውቀው ሌላ ነገር በሕጋችን ይገኛል። ስሙ መሰየም ይባላል። በ1949 ዓ. ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ውስጥ ነበረ፤ በ1996 ዓ. ም. ወጥቶ ከ1997 ዓ. ም. ጀምሮ በሚሠራበት የወንጀል ሕግም ከአንቀጽ 232 ጀምሮ ተጽፎአል። ጽኑ እስራት የተፈረደበት ሰው ቅጣቱን ከፈጸመ ቢያንስ 5 ዓመት፥ ከዚያ ያነሰ የተፈረደበትም ቢያንስ 2 ዓመት ካለፈው በኋላ፥ በዚህ ጊዜ በመልካም ጠባይ ከኖረና የተፈረደበትን ካሣ በሚቻለው መጠን ከከፈለ፥ ለፍርድ ቤት አመልክቶ ሊሰየም ይችላል። የተሰየመ ሰው ያጣቸው መብቶች ይመለሱለታል፤ ፍርዱ ከመዝገብ ይሰረዛል፤ ለወደፊቱም እንዳልነበረ ይቆጠራል። ከዚያ ወዲያ የድሮ ጥፋቱን በክፋት እያነሣ የሚነቅፈው ቢኖር፥ በሕግ ፊት ክብር በመንካት የሚጠየቀው ነቃፊው ነው።

የሕግ ሰዎች ይህን ቃል ሲመርጡ ያሰቡትን እንጃ፤ ለእኔ ግን መሰየም ማለት ስም መስጠት ነው። «ሌባው» ወይም «ነፍሰ ገዳዩ» ይባል የነበረው ሰው እናቱ ባወጣችለት ስም፥ በክርስትና ስሙም እንደ ገና ይጠራ ማለት ነው። በንስሐም የምናውቀው ሥርዓት ይኸው ነው። የንስሐ አባት ቀኖና ሲሰጡ ጾሙንና ስግደቱን ቈጥረው፥ ቀኑን ወስነው ይሰጣሉ። ቀኖናውን የፈጸመ ሰው ወደ ቅዱስ ቍርባን በቀረበ ጊዜ የቀድሞው ኃጢአቱ በሕዝብ ፊት አይነበብበትም። የእኛ የጎረቤት ቅጣት ግን ቀን የለውም።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። አንድ ጐልማሳ የመሥሪያ ቤቱን ገንዘብ አጉድሎ ጽኑ እስራት ተፈረደበትና ስድስት ዓመት ታሰረ እንበል። እናቱ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ምሳ ዕቃዋን አንጠልጥላ ትሄዳለች፤ ጠባቂው «ቅመሽ» ሲላት ትቀምሳለች፤ ልጇን በአጥር ማዶ አይታ ትመለሳለች። ጎረቤት በዚያን ጊዜ «አይዞሽ፥ ያልፋል» ይላታል። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 የታሰረን መጠየቅ የተራበን ከማብላት ጋራ ቈጥሮታልና ሕዝባችን ይህን ያውቅበታል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 21 እስረኛ በዘመዶቹ፥ በወዳጆቹና በሃይማኖት አማካሪው የመጐብኘት መብት እንዳለው ይናገራል። በዚህ በኩል ብዙ አንወቀስም።

ችግሩ የሚጀምረው ሰውየው ሲፈታ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ቤቱ በእንግዳ ይሞላል፤ ቡና ይፈላል፤ «እንኳን ለቤትህ አበቃህ» ይባላል። በሁለተኛው ሳምንት እንግዳው ይቀንሳል። በሦስተኛው ወር ሰውየው ሥራ ፍለጋ ይወጣል፤ በሄደበት ሁሉም ሁለት ወረቀት ይጠየቃል። አንደኛው ከወንጀል ነጻ መሆኑን የሚገልጽ የፖሊስ ማስረጃ ነው፤ ሁለተኛው የተያዥ ቅጽ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ። ሕጉ እንዲሰየም የሚፈልግበት አምስት ዓመት በመልካም ጠባይ እንዲኖርና ካሣውን እንዲከፍል ነው። ሥራ ካላገኘ ካሣውን በምን ይከፍላል? አምስቱን ዓመት ምን እየበላ ይቆያል? ወደ መሰየም የሚወስደው መንገድ በዚህ ላይ ይዘጋበታል። የሚዘጋውም በዳኛ ትእዛዝ ሳይሆን «ከነገሩ ጦም እደሩ» በሚል ዘመድ ነው።

የሰውን ፍርሃት አላቃልልም። ልጇ የተደፈረችባት እናት በዚያ ሰው ፊት በሯን ብትዘጋ ማን ይፈርድባታል? ወንድሙ የተገደለበት ሰውም «ይቅር በል» ስለ ተባለ ብቻ በማግስቱ አብሮ ቡና አይጠጣም፤ ለእርሱ ሽማግሌ፥ ካሣና ጊዜ ያስፈልገዋል። ገንዘብ ያጎደለውንም ሰው በወጣ በሳምንቱ የእድሩ ገንዘብ ያዥ እናድርገው የሚል ሰው ካለ፥ ያ ሰው የእድሩን ሒሳብ አይቶ አያውቅም። ጥንቃቄ አንድ ነገር ነው፤ ሰውን ከሠርግና ከለቅሶ፥ ከእንጀራም ማራቅ ሌላ ነገር ነው።

ተያዥነትን በተመለከተ የሚገርመኝ አንድ አጭር መልእክት በአዲስ ኪዳን ውስጥ አለ። ቅዱስ ጳውሎስ ራሱ እስረኛ ሆኖ ሳለ ወደ ፊልሞና የጻፈው ነው። ከጌታው ቤት ኮብልሎ የነበረውን አናሲሞስን መልሶ ሲልከው ጥፋቱን አልሸሸገለትም፤ የጎደለ ነገር ካለ በእኔ ላይ ይቈጠር ብሎ በገዛ እጁ ጻፈለት እንጂ። የዛሬው የተያዥ ቅጽ ከዚህ በምን ይለያል? ሐዋርያው ምክርና ጸሎት ብቻ ሰጥቶ ሊያሰናብተው ይችል ነበር።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። ያ ጐልማሳ ሦስት ዘመድ ዞሮ፥ ሦስቱም «እስቲ እናስብበት» ብለው ሲሸኙት፥ በአራተኛው ቀን የእናቱ ወንድም ቤት ሄደ እንበል። አጎቱ ጡረታቸውን የሚቀበሉ፥ ጠንቃቃ ሽማግሌ ናቸው። ቅጹን ተቀብለው መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

«ገንዘብ የሚነካ ሥራ ነው?»

«የለም ጋሼ፤ የመጋዘን ጥበቃ ነው። የሌሊት ተራ ነው።»

«ለገንዘብ ያዥነት ብትመጣ አልፈርምልህም ነበር። ይኸን ፊት ለፊት ልንገርህ፤ በኋላ ከሌላ ሰው እንዳትሰማው።»

«ይገባኛል፥ ጋሼ።»

«የዚያ መሥሪያ ቤት ካሣ ስንት ቀርቶሃል?»

ጐልማሳው ነገራቸው። ሽማግሌው ዝም አሉ፤ ቅጹንም አልመለሱለትም።

«በየወሩ ደመወዝ ስትቀበል መጀመሪያ ወደዚህ ትመጣለህ፤ ከካሣው የከፈልህበትን ደረሰኝ አያለሁ» አሉት፤ ቀጥለውም ወደ ጓዳ ተጣርተው እስክሪብቶ እንዲያመጡላቸው አዘዙ።