ሞተሩ የተለወጠ ያገለገለ መኪና ስለ መግዛት

በጭሮ (በአሰበ ተፈሪ)፣ በበዴሳ፣ በገለምሶ ወይም በሂርና የሚሠራ ነጋዴ ያገለገለ መኪና ለመግዛት በሚነሣበት ጊዜ ሻጩ ወይም ደላላው «ሞተሩ ተለውጦለታል፤ ጉልበቱ ልዩ ነው» ብሎ ቢያመሰግንለት የሚያስደንቅ አይደለም። ነገር ግን ገዢው ይኸን ቃል እንደ ሰማ ሊያስብ የሚገባው ነገር አለ፤ ይኸውም በዚያች ሰዓት የሚገዛው አንድ ዕቃ ሳይሆን ሁለት ዕቃ መሆኑን ነው። መኪናው አንድ ነው፤ ሞተሩም ሌላ ነው። ሁለቱም የየራሳቸው ምንጭ፣ የየራሳቸው ዕድሜና የየራሳቸው ወረቀት አላቸው።

ሞተር መለወጥ የበዛበት ምክንያት ግልጽ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከውጭ በሚገቡ ያረጁ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ በአገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና እንደ ቅርስ የሚጠበቅ ሆነ፤ ሞተሩ ቢደክም መኪናው አይጣልም፣ ሌላ ሞተር ይፈለግለታል እንጂ። በእኛ አካባቢ በዚህ ላይ የጫት ንግድ ይጨመራል። ጫት ከተቈረጠባት ሰዓት ጀምሮ እየጠወለገ ዋጋው የሚወድቅ ሸቀጥ ስለ ሆነ፣ ጭነቱን ይዞ የሚሮጥ መኪና ይፈለጋል። ሌላው ዓለም የስፖርት መኪና የሚለውን በከተሞቻችን ባናይም፣ የጫት መኪና ሲያልፍ መንገድ የለቀቀ ሰው የእኛ የስፖርት መኪና የትኛው እንደ ሆነ ያውቃል።

ሞተር መለወጥ በራሱ ነውር አይደለም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1962 ዓ.ም. ካሮል ሼልቢ የተባለው አሜሪካዊ፣ ኤ.ሲ. ኤስ የምትባለውን ቀላል የእንግሊዝ የስፖርት መኪና ወስዶ ስምንት ሲሊንደር ያለውን የፎርድ ሞተር አስገባባት፤ ኮብራ የተባለችው ስመ ጥር መኪናም በዚህ ተገኘች። ሰባት ሊትር የሚሆን ትልቅ ሞተር ሊገባባት በታሰበ ጊዜ ግን ሻንሲዋ እንደገና ተሠራ፤ የተዘረጋው ባሌስትራ ቀርቶ በጥምዝ ሞላ ተተካ። ለእኛም ቁም ነገሩ ይኸው ነው። ሻጩ ስለ ሞተሩ ብቻ ሲናገር፣ ገዢው ከሞተሩ ጋር ምን ምን እንደ ተለወጠ ይጠይቅ።

ከቶዮታ የናፍጣ ሞተሮች 2ኤል የሚባለው 2.4 ሊትር፣ 5ኤል የሚባለው 3 ሊትር ነው። ሁለቱ የአንድ ቤተ ሰብ ልጆች ስለ ሆኑ አንዱን በሌላው ቦታ መተካት ብዙ ብየዳና ቈረጣ አያስፈልገውም። ከሌላ ፋብሪካ የመጣ ሞተር በግድ የተሰካበት መኪና ግን የሞተሩ መቀመጫ፣ ፍሪሲዮኑና ካምቢዮው አንድ በአንድ ካልታዩ በቀር መገዛት የለበትም። ከሁሉም በላይ ፍሬኑ ይታይ። ፍጥነት ከ60 ወደ 90 ኪሎ ሜትር ከፍ ሲል፣ ፍሬኑ ሊያጠፋው የሚገባው ኃይል ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል፤ ከጭሮ ወደ ሚኤሶ የሚወርድ ሾፌር ይኸን በቍጥር ባያውቀው እንኳ በእግሩ ያውቀዋል። ራዲያተሩም እንደዚሁ ነው። ጭሮ ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል፣ በክፍት ዕቃ የተጣደ ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ለትንሽ ሞተር የተሠራ ራዲያተር፣ ክዳኑም የላላ እንደ ሆነ፣ ትልቁን ሞተር በዳገት ላይ ሊያቀዘቅዘው አይችልም።

ይሁን እንጂ ብልሽት ይጠገናል፤ ነጋዴን ይበልጥ የሚጐዳው የወረቀት ጕድለት ነው። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ከወጣ ወዲህም ሆነ ከዚያ በፊት በነበረው አሠራር፣ በሊብሬው ላይ የሻንሲና የሞተር ቍጥር ተጽፎ ይገኛል። ሞተሩ ተለውጦ ሊብሬው ካልተስተካከለ፣ መኪናው በወረቀት ላይ ሌላ መኪና ነው። ለዓመታዊ ምርመራ ሲቀርብ ቦሎ ሊከለከል ይችላል፤ ስም ሲዛወር ይታገዳል፤ አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ ለመከራከር ምክንያት ያገኛል። በጕዞ ላይ ሳለ በፍተሻ ጣቢያ ቢያዝ ደግሞ ጭነቱ ቡና ከሆነ ይጠብቃል፣ ጫት ከሆነ ግን ነገ ከብት አይበላውም።

ስለዚህ ገዢው ሊብሬውን በእጁ ይዞ፣ በሞተሩ ብሎክ ላይ የተቀረጸውን ቍጥር በገዛ ዓይኑ ያንብብ። ዘይትና አቧራ ከሸፈነው ይጠረግለት። ቍጥሩ ያለበት ቦታ በሞረድ የተፋቀ፣ ወይም አኃዞቹ የተዛነፉና እኩል ያልጠለቁ ከሆኑ፣ ዋጋው የቱን ያህል ቢረክስ ትቶ መሄድ ይሻላል። ቀጥሎም የሞተሩን የራሱን ማስረጃ ይጠይቅ፤ ከውጭ የገባ ከሆነ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን፣ በአገር ውስጥ ከሌላ መኪና የወረደ ከሆነ ከማን እንደ ተገዛ የሚያሳየውን ውልና የዚያን መኪና ሊብሬ። «ወረቀቱ ይመጣል» የሚል ሻጭ፣ ወረቀቱ በመጣ ጊዜ ሊሸጥ ይችላል። መኪናው በባንክ ብድር ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ የታገደ መሆን አለመሆኑም ከመዝጋቢው መሥሪያ ቤት ይጣራ።

ሙከራው ጧት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ይደረግ፤ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆት እንደ ሆነ በእጅ ዳስሶ ማወቅ ይቻላል። ሰማያዊ ጢስ ዘይት እየነደደ መሆኑን ያመለክታል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ ነጭ ጢስ ውሃ ወደ ሲሊንደር መግባቱን ያሳስባል። ከዚያ በኋላ መኪናው ጭነት ይዞ ከሚኤሶ ወደ ጭሮ ይውጣ። ሻጩ ወደ ሚኤሶ ቍልቍለቱን ብቻ ሊያሳይ ቢፈልግ፣ በቍልቍለት ጉልበት የሌለው መኪና እንደሌለ ገዢው ያስታውስ።

ውሉ በውልና ማስረጃ ፊት ሲጻፍ፣ የሻንሲው ቍጥር ብቻ ሳይሆን አሁን በመኪናው ላይ ያለው የሞተር ቍጥርም በውሉ ውስጥ ይግባ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ገዢው የተረከበውን ዕቃ ሳይዘገይ እንዲመረምርና ጕድለት ቢያገኝ ለሻጩ ወዲያው እንዲያስታውቅ ያዛል፤ ስለዚህ ማስታወቂያው በቃል ሳይሆን በጽሑፍ፣ ቀኑ ተጠቅሶ ይሰጥ። በስም ዝውውር ፋንታ ውክልና ብቻ ተቀብሎ መኪና መንዳት አደገኛ ነው፤ ወካዩ ቢሞት ውክልናው ይቋረጣልና፣ ገዢው ከወራሾች ጋር ክርክር ይገጥማል። ከዋጋው ላይ የተወሰነው ክፍል፣ የሞተሩ ለውጥ በሊብሬው ላይ ተመዝግቦ ስሙ እስኪዛወር ድረስ በገዢው እጅ እንዲቈይ በውሉ ቢጻፍ፣ ሻጩ ወደ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ የሚመላለስበት ምክንያት ይኖረዋል።