ሰይጣኑ ዳኛ 235 ዓመቱን ከየት አመጣው?

«ሰይጣኑ ዳኛ» እ.ኤ.አ. በ2021 በደቡብ ኮሪያው ቲቪኤን ጣቢያ የታየ ባለ16 ክፍል ድራማ ነው። ቀውስ ባመሳት ምናባዊ ኮሪያ ችሎት በቀጥታ ሥርጭት ይተላለፋል፤ ሕዝቡም በስልኩ «ጥፋተኛ ነው»፣ «አይደለም» እያለ ድምፅ ይሰጣል። ሰብሳቢው ዳኛ ካንግ ዮሃን (ተዋናይ ጂ ሱንግ) ሲሆን፣ ከጎኑ ኪም ጋኦንና ኦ ጂንጁ ይሰየማሉ።

ብዙው ተመልካች ዮሃንን «ሕግ ወዲያ፣ በቀል ወዲህ» ያለ ሰው አድርጎ ያወራለታል። እንዲህ የሚሉት የችሎቱን ንግግር እየዘለሉ ድብድቡን ብቻ የሚያዩ ናቸው። እርግጥ ሰውዬው ከችሎት ውጭ እጁ ንጹሕ አይደለም። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ግን አንቀጽ ሳይጠቅስ አይፈርድም። የሚያስፈራውም ይኸው ነው።

የመጀመሪያውን ችሎት እንይ። ተከሳሹ ፋብሪካው የለቀቀው መርዛም ፍሳሽ የመንደር ሰው የፈጀበት ባለሀብት ነው። በሥራ ላይ በሚፈጸም ቸልተኝነት ሰው መግደል በኮሪያ ሕግ ቢበዛ 5 ዓመት ያስቀጣል፤ የባለጸጋው ወገን የሚተማመነውም በዚህች ጣሪያ ነው። ዮሃን ታዲያ ጣሪያውን አይነካም። ሟቾቹ 47 ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ሟች 5 ዓመት ቆጥሮ ይደምርና 235 ዓመት ይፈርዳል። ያችው ለባለሀብቱ መከታ የነበረችው አምስት፣ እየተደጋገመች ትቀብረዋለች።

እውነተኛው የኮሪያ ፍርድ ቤት እንዲህ አይደምርም። አንድ ድርጊት ብዙ ሰው ቢገድል የሚታየው ከባዱ ቅጣት ነው፤ ወንጀሎቹ የተለያዩ ሲሆኑም በከባዱ ላይ እስከ ግማሹ ይጨመራል እንጂ ዓመታቱ እንዳሉ አይደራረቡም። በ2010 በተሻሻለው ሕግ የጊዜ ገደብ ያለው እስራት 30፣ ሲከብድ 50 ዓመት ነው። በስልክ መፍረድም የለም። ከ2008 ጀምሮ ዜጎች በወንጀል ችሎት ይቀመጣሉ፤ ሐሳባቸው ግን ዳኛውን አያስገድድም።

እንዲህ ያለ ስሌት ከማንም ብዕር አይወጣም። ደራሲው ሙን ዩሶክ ራሱ ለዓመታት ዳኛ ነበር። በ2018 የታየውን «ሚስ ሐሙራቢ»ን የጻፈው ገና ወንበሩ ላይ ሳለ ነው፤ እዚያ ዳኞቹ በመዝገብ ክምር ተቀብረው በተራ ሰዎች ጠብ ሲጨነቁ ይታያሉ። ካባውን ካወለቀ በኋላ የመጣው ግን ይህ ሰይጣን ነው።

ጉድለት የለውም አይባልም። ወደ ኋላ ላይ በአንድ ፋውንዴሽን የምትሠራው ሴትዮ ጁንግ ሱንአና የፖለቲከኞቹ ሴራ ይገንና ችሎቱ ይጠብባል፤ የጋኦን ጥርጣሬም በግርግሩ ይዋጣል። ጊዜ ያነሰው ሰው የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች ይይ፤ የዳኞቹን ክርክር ግን እባኩን አይዝለል።